ቁልፍ በጉራጊኛ

ጉራጊኛ አልችልም። ኮልፌ ተወልጄ፣ ኮልፌ አድጌ፣ ከጎረቤቶቻችን ግማሹ ከጉራጌ አገር የመጣ ሆኖ ሳለ አልችልም። ይህንን እንደ ኩራት የምናገርበት ዕድሜም ነበረኝ። እንግሊዝኛ ግን እችል ነበር። ለእንግሊዝኛ ስል ብዙ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ግሡን ከነእርባታው ሸምድጄ መንገድ ላይ ለብቻዬ ሳነበንብ ሰው አብዳለች ብሎኛል። ግድግዳ ለሚጋራን ቤት ቋንቋ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ አላወጣሁም። ያኔ አንድ ሰው "ለምን አትማሪም?" ቢለኝ እስቅበት ነበር።

የምነግራችሁ ጎረቤታችን ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። እናቴን በስሟ እየጠራሁ እሳቸውን እማማ ነበር የምለው፤ ሰፈሩ ይስቅብናል። አባቴ ወታደር ስለነበር ቤት አይገኝም። እናቴ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ለማስቀደስ ስትሄድ እኔን እሳቸው ጋ ጥላኝ ትሄዳለች። ቆጮ በጎመን ያበሉኛል። ሥጋ የተሠራ ቀን ግን "ዛሬ ከእናትሽ ጋር አታጣዪኝ" ብለው ለብቻዬ ሽሮ ይሠሩልኛል። የእስላም ሥጋ እንዳልቀምስ ከእናቴ ይልቅ የሚጠነቀቁት እሳቸው ነበሩ። ከመጨረሻ ሴት ልጃቸው ጋር እኩያ ስለሆንን አንድ ምንጣፍ ላይ እየተኛን ነው ያደግነው። እዚያ ቤት ስገባ የምሰማው አማርኛ ነው። ፈጠን ያለ፣ አንዳንድ ፊደል ላይ ጠበቅ የሚል፣ ግን አማርኛ። ስለዚህ የቤቱ ቋንቋ አማርኛ መስሎኝ ኖርኩ። ጉራጊኛው ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣ ብቻ የሚወጣ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ነርስ ሆኜ ከተማ መሃል ባለ አንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ስመደብ የጃንሆይ ዘመን መጨረሻው ገደማ ነው። እኛ ዘንድ ራስ ቅል ከፍቶ አንጎል የሚሠራ አንድ ፈረንጅ ዶክተር ነበር። ያን ጊዜ የሰው ራስ ተከፍቶ ሰውየው ይተርፋል ሲባል ብዙ ሰው አያምንም፤ እኔም ዓይኔ እስኪያይ አላመንኩም ነበር። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሥራውን ሲያስረዳ የማይሰለቸው ሰው ነው። ከነርሶቹ ሁሉ እንግሊዝኛዬ ደህና ስለነበር ከእሱ አልለይም። መሣሪያ የማቀብለውም እኔ፣ የማስተረጉመውም እኔ። ፌርማታ ላይ ወርጄ ነጭ ልብሴን ለብሼ ወደ ሰፈር ስገባ መሬት አልረግጥም ነበር ማለት ይቻላል።

እማማን ሕመሙ የጀመራቸው ገበያ ላይ ነው። ቅቤ እየመዘኑ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥና ምላሳቸው ይታሠራል። ገዢው "ስንት ነው?" ይላቸዋል፤ ዋጋውን ያውቁታል፤ ቃሉ አይወጣም። ትንሽ ቆይቶ ይለቃቸዋል። ሰፈሩ ዓይን ነው አለ። ሼሁ መጥተው ቁርዓን ቀሩባቸው። እናቴ ደግሞ ጠበል ይሻላል አለች፤ ለእስላም ሴት ጠበል ማዘዝ የእሷን ያህል ድፍረት ይጠይቃል። እሳቸው ማንንም አልተቃወሙም፤ ራሳቸውን ሲያማቸው የራሳቸውን ቅቤ አናታቸው ላይ አድርገው ይተኛሉ። በኋላ አንድ ቀን መንገድ ላይ ወደቁ። በጋሪ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በታክሲ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ያደረስኳቸው እኔ ነኝ።

ዶክተሩ በአንገታቸው የደም ሥር ቀለም ሰጥቶ ራጅ አነሣቸው። ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ ጠራኝ። በግራ በኩል ያሉት የደም ሥሮች ጎብጠው ወደ አንድ ጎን ተገፍተዋል። የገፋቸው ዕጢ ነው። ያለበት ቦታ ክፉ ነው አለኝ፤ ሰው ቃል ከሚያወጣበት ክፍል አጠገብ ነው። ብዙ ቆርጦ ቢያወጣ ንግግራቸውን ይወስድባቸዋል። ፈርቶ ጥቂት ቢያወጣ ዕጢው ተመልሶ ያድጋል፤ ያኔ ይገድላቸዋል። ያለው መንገድ ነቅተው እያወሩ መሥራት ነው። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ ቆዳውና አጥንቱ ከደነዘዘ በሽተኛው ማውራት ይችላል። ሐኪሙ በቀጭን ሽቦ ትንሽ ኤሌክትሪክ እያስነካ ይሄዳል፤ የተነካው ቦታ ቃል የሚያጠፋ ከሆነ ምልክት አድርጎ ያንን ይተወዋል። በተማረበት አገር እንዲህ ይደረጋል። እዚህ ግን በሽተኛዋ የምትለውን እሱ አይሰማም፤ ስለዚህ ጆሮ ያስፈልገዋል። ጆሮው እኔ ሆንኩ።

"የምትናገረው ቋንቋ ምንድን ነው?" አለኝ።

"አማርኛ" አልኩት። ሳላስብ ነው ያልኩት። ዛሬም ሳስበው፣ አስቤበት ቢሆን እንኳ ያንኑ የምለው ይመስለኛል፤ ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ።

ባላቸው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቆመው "ራስ ተከፍቶ ምን ይቀራል?" ብለው እምቢ አሉ። ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ። "እኔ አጠገባቸው ነኝ፤ እጃቸውን ይዤ ነው የምቀመጠው" አልኳቸው። ሰውየው ወደ ልጃቸው ዞረው "እሷ ካለችማ" አሉ። እኩያዬ የሆነችው ልጃቸው ግን የእናቷ ፀጉር ሲላጭ አቅፋቸው ቆመች፤ እኛ አገር ሴት ራሷን የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነውና ማልቀስ ጀመረች። እማማ "እኔ ሳልሞት ለራሴ ሐዘን ተቀመጥኩ" ብለው አሳቋት።

ዶክተሩ ከአገሩ ያመጣቸው የሥዕል ካርዶች ነበሩት። ለእማማ አይሆኑም፤ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ ምናቸውም አይደለም። ስለዚህ ካርቶን ቆርጬ ራሴ ሣልኩ። ቁልፍ፣ ማንኪያ፣ ዶሮ፣ ጃንጥላ፣ መቀስ፣ ቅል፣ ሚዛን። ሥዕሌ አያምርም፤ ዶሮዋን ሲያዩ "ይቺ ደግሞ የት ትሸጣለች?" ብለው ሳቁብኝ። ዶክተሩ ሐሳቤን አደነቀ። እኔም የአገሬን ሰው የማውቅ ነርስ መሆኔን ለራሴ መሰከርኩ።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ልጃቸው ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ውጭ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ ውስጥ ገባሁ። እማማ በጎናቸው ተኝተዋል፤ አረንጓዴው ጨርቅ እንደ ድንኳን ተወጥሮ ከዚያኛው ወገን ዶክተሩ፣ ከዚህኛው ወገን እኔና ፊታቸው። አጥንቱ ሲበሳ "ወፍጮ ቤት አስገባችሁኝ" አሉ። እጃቸው እጄን አጥብቆ ይዞ ነበር፤ ድምፃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም።

ከዚያ ካርዱን ማሳየት ጀመርኩ። "ይሄ ምንድን ነው?" "ማንኪያ።" "ይሄስ?" "ጃንጥላ።" ከጨርቁ ወዲያ ኤሌክትሪኩ ይነካል፤ እኔ መልሱን በእንግሊዝኛ እናገራለሁ። አንድ ቦታ ላይ መቀሱን አሳየኋቸው፤ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ "ይሄ... ይሄ..." ብለው ቀሩ። ነገርኩት። ዶክተሩ ሽቦውን ሲያነሣ ወዲያው "መቀስ" አሉ። እዚያ ቦታ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት አስቀመጠ፤ ያንን አንነካም አለ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አልዋሽም። የሰው ቃል ያለበትን ቦታ በዓይናችን ያየን መሰለኝ።

ዕጢውን ማውጣት ሲጀምር ሥራው ረዘመ። እማማ ደከሙ፤ ከንፈራቸው ደረቀ። በእርጥብ ጥጥ አበስኩላቸው። ዶክተሩ ወደ ኋላኛው ክፍል እየተጠጋ ስለሆነ ሳላቋርጥ እንዳናግራቸው አሳሰበኝ። ከመጀመሪያውም ነግሮኝ ነበር፤ ሰው ዝም ሲል ብቻ አይደለም፤ ቃል የሚመስል ግን ቃል ያልሆነ ድምፅ ሲያወጣም አደጋ ነው፤ እንዲህ ያለ ከሰማሽ ወዲያው ንገሪኝ ብሎኛል።

ቁልፉን አሳየኋቸው። አንድ ነገር አሉ። አልገባኝም። "እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?" ያንኑ ደገሙት። ማንኪያውን አሳየኋቸው፤ ሌላ የማይገባ ነገር አሉ። ዓይናቸው ወደ እኔ ነው፤ ፈገግ ሊሉም ይሞክራሉ።

"ምን ትላለች?" አለ ዶክተሩ።

"የምታወጣው ድምፅ ትርጉም የለውም" አልኩት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

እርግጠኛ ነኝ አልኩት። በዚያ ጥርት ባለው እንግሊዝኛዬ።

እጁን አነሣ። ጠበቀ። ዶሮዋን አሳየሁ፤ ያው ነው። እማማ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመሩ፤ እኔ ደግሞ ይበልጥ ደነገጥኩ። ዶክተሩ ከዚህ በላይ አልሄድም፣ የቀረው ይቅር አለና መዝጋት ጀመረ። ከኋላ በኩል ከዕጢው የተወሰነ ቀርቷል። ያንን ስሰማ "ተመስገን፣ ሳናበላሻቸው ደረስን" ብዬ አመሰገንኩ። እውነቱን ነው የምላችሁ፤ አዳንኳቸው ብዬ ነበር።

በማግሥቱ እማማ ራሳቸው በፋሻ ተጠምጥሞ አማርኛቸውን ሲያወሩ አገኘኋቸው። የሆስፒታሉን ሾርባ እያማረሩ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ "እማማ፣ ትናንት መጨረሻ ላይ አስደነገጡኝ እኮ፤ ቃሉ ጠፋብዎት" አልኳቸው።

"የት ጠፋብኝ? መለስኩልሽ እንጂ።"

"ምን ብለው?"

ቁልፍን በጉራጊኛ ነገሩኝ። ከዚያ ማንኪያን። ከዚያ ዶሮን። ቃላቱ ትናንት ከጨርቁ ሥር የሰማኋቸው ነበሩ። አንድ በአንድ አወቅኋቸው።

"ደክሞኝ አማርኛው እምቢ አለኝ" አሉ። "አንቺ ነሽ ብዬ በኛው መለስኩልሽ። እኛ ቤት አይደል እንዴ ያደግሽው? ትሰሚኛለሽ ብዬ።"

 ያለቀስኩ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እሳቸው ደንግጠው እጄን ያዙኝ። ነገርኳቸው። እኔ ስላልገባኝ ዶክተሩ ማቆሙን፣ ከዕጢው የተወሰነ መቅረቱን፣ ሁሉንም። እኔ የጠበቅሁት ቁጣ ነበር፤ ቢቆጡኝ ዛሬ ይህንን ባልጻፍኩ ነበር። እሳቸው ግን "ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ" አሉኝ። "በአማርኛ መመለስ ነበረብኝ።"

እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ። የራሳቸውን ቋንቋ በራሳቸው አፍ ስለተናገሩ።

ዶክተሩ ጋ ሄጄ ተናገርኩ። ሰማኝና "ስንት ቋንቋ ትችላለች?" አለኝ። ጉራጊኛና አማርኛ፣ ገበያ ላይ ደግሞ ኦሮምኛ አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። "ቋንቋዋ ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ቋንቋዎቿ ማለት ነበረብኝ" አለ። ወዲያው መልሶ መክፈት ቁስሉ እንዲመረዝ ያደርጋል፤ እያየን እንጠብቅ አለ። ጥፋቱን ከእኔ ላይ ለማንሣት እንደሞከረ ይገባኛል፤ ደግ ሰው ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውሉን ጨርሶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በቅርቡ፣ የድሮ ነርሶችን ለአንድ ገለጻ ጠርተውን ነበር። አንድ ወጣት የአንጎል ቀዶ ሐኪም የዘመኑን አሠራር በሥዕል አሳየን። አሁን በሽተኛው ገና ሳይከፈት፣ ሲያወራ የትኛው የአንጎሉ ክፍል እንደሚሠራ በመሣሪያ ይታያል። ሐኪሙ ቢላዋው የት እንደደረሰ ስክሪን ላይ እንደ ካርታ ይከታተላል። አንዳንዱ ሥራ በአጉሊ መነጽር ከፀጉር በቀጠነ ክር ነው የሚሰፋው። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ ቃል አጠገብ ላለ ዕጢ ዛሬም በሽተኛውን አንቅተው ያናግሩታል። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሲሆን ሁለቱንም ለየብቻ ይፈትናሉ አለ፤ የአንዱ ቋንቋ ቦታ ከሌላው ሊለይ እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል።

እጄን አወጣሁ። "ሐኪሙም ነርሷም የማያውቁት ቋንቋ ቢሆንስ?"

"ቀላል ነው እትዬ" አለኝ እየሳቀ። "ከቤተሰብ አንድ ሰው ልብስ አስቀይረን እናስገባለን።"

ቀላል ነው። ልጃቸው በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከእኔ እስከ እሷ አንድ ግድግዳ ነው ያለው፤ ማስክ አልብሼ ባስገባት ያልቅ ነበር። በወጣቱ ሐኪም ሳቅ ተናደድኩ፤ ምንም ያላጠፋውን ልጅ በዓይኔ ልበላው ደረስኩ። ከገለጻው በኋላ ለብቻው ይዤ የእማማን ታሪክ ነገርኩት። አሰበና "ምናልባት መቆማችሁ ልክ ሊሆን ይችላል" አለኝ። የአማርኛው ቦታ ተነክቶ ይሆናል ወደ ጉራጊኛ የገቡት፤ ወይም ደግሞ ድካም ብቻ ይሆናል፤ አሁን ማወቅ አይቻልም። ሊያጽናናኝ ነው። እኔ ግን የእሱን ምናልባት ተሸክሜ ቤቴ መግባት አልፈለግሁም። ልክ ሆኖ ከሆነ እንኳ በእኔ እውቀት አልሆነም። "እርግጠኛ ነኝ" ያልኩት የማላውቀውን ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እማማ ደህና ዓመታት ኖሩ። የሚጥላቸው ነገር ተዋቸው፤ ፀጉራቸው በሻሽ ሥር አደገ፤ ቅቤያቸውን ሸጡ፤ ልጃቸውን ዳሩ። ሲያዩኝ "ሐኪሜ" ይሉኛል። እኔ በእነሱ በር ማለፍ ከብዶኝ በታችኛው መንገድ እዞር ነበር። እሳቸው ደግሞ ጠፋች ብለው ቅቤ ይልኩልኛል። አልመለስኩትም፤ መመለስ ነውር ነው።

ከዚያ ራስ ምታቱ ተመለሰ። ፈረንጁ የለም፤ የቀሩት ሐኪሞች ራጁን አይተው ደግመው ሊከፍቱ አልደፈሩም። የቀረው ዕጢ ነው ያደገው፤ ከኋላ በኩል፣ እዚያው። መጀመሪያ ቀኝ እጃቸው ሰነፈ። ቀጥሎ አማርኛቸው መሄድ ጀመረ። ስሞቹ ጠፉ፣ ከዚያ ግሡ ተሰበረ፣ ከዚያ እኔ የማወራው አልገባቸው አለ። ጉራጊኛቸው ግን እንዳለ ነበር። በጉራጊኛ ይቀልዳሉ፣ ይቆጣሉ፣ አገራቸው ያለውን እንሰት ማን እንደሚያርመው ይጠይቃሉ። ይህን ሁሉ ልጃቸው እየተረጎመችልኝ ነው የማውቀው። ልጠይቃቸው ስሄድ እንደ ደንቆሮ ተቀምጬ የሰዎቹን ፊት እያየሁ፣ ሌሎቹ ሲስቁ ዘግይቼ እስቅ ነበር።

መጨረሻ ሳምንታቸው ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ልጆቻቸው በሙሉ ከበዋቸው ተቀምጠዋል፤ በጉራጊኛ ጨዋታው ደርቷል፤ እሳቸውም ትራስ ተደግፈው ደከም ባለ ድምፅ መሃል መሃል ይገባሉ። በሩ ላይ ሆኜ "እንደምን ዋላችሁ?" አልኩ። እማማ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው ለልጆቹ አንዲት አጭር ነገር ተናገሩ። ጨዋታው ተቋረጠ።

"ምን አሉ?" አልኳት እኩያዬን።

"ተይው።"

"ንገሪኝ እንጂ።"

"'ልጅቷ መጣች፤ በአማርኛ አውሩ' ነው ያሉት" አለችኝ። "ድምፅሽን ሲሰሙ ሁልጊዜ የሚሉት ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ። ሳታውቂው ቀርተሽ ነው?"

ልጆቹ እናታቸውን ታዘዙ። ስለ ዝናቡና ስለ ትራንስፖርቱ በአማርኛ ማውራት ጀመሩ፤ እኔንም ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። እማማ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያዩ ትንሽ ለመከታተል ሞከሩ፤ አንዲት ቃል አልገባቸውም፤ በገዛ ቤታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። ሻይ ቀርቦልኝ ነበር፤ ጠጥቼ እስክጨርስ ተቀመጥኩ።